ጠብታ መተንፈስ ስትረሳ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደም ግፊት ክኒንሽንስ በየቀኑ እየዋጥሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያልሽ መሳቢያ ውስጥ ትዘጊበታለሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ደህና ነኝ መሰለኝ። ሰሞኑን ደህና የሚባለው የቱ እንደሆነ ጠፍቶብኛል፤ ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ መጀመሪያ ዞር ብዬ የልጄን ማሽን ነው የማየው።

በስልክ የማይነገር ስለሆነብኝ ነው የምጽፍልሽ። ስልክ ላይ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ምንም ሳንነጋገር «በርቺ» ተባብለን እንዘጋለን። ደግሞ ተቀይሜሻለሁ። ይኸው ገና ከመጀመሪያው አመለጠኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አልሰርዘውም። ልጅ ወልጄ፣ ያውም ጊዜዋ ሳይደርስ፣ እናቴ የልብስ ሻንጣ በሰው ትልክልኛለች እንጂ አትመጣም? ጉልበቴን አመመኝ አልሽ። ጉልበትሽን አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ጎረቤትሽ ስትታመም ያን ሁሉ ደረጃ ጠዋትና ማታ እየወጣሽ ነበር የምትጠይቂያት። ለጎረቤት የሚወጣ ጉልበት ለኔ ሲሆን አልወጣ አለ ብዬ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። ቅያሜው አሁንም አለ፤ ግን ሌላ ነገር ተደባልቆበታል፣ ምን እንደሆነ እየጻፍኩ እደርስበት ይሆናል።

በቅድሚያ ልጅቷን ላስተዋውቅሽ። ስም ገና አላወጣንላትም። አባቷ «ጠብታ» ይላታል፣ እዚህ የሚሰጣት ሁሉ በጠብታ ስለሆነ፤ ወተቱም በጠብታ፣ መድኃኒቱም በጠብታ። አሁን ሲስተሮቹም ዶክተሯም ጠብታ ነው የሚሏት። ክፍሉ ረጅም ነው፣ መስኮቶቹ አይከፈቱም፣ ሙቀቱ ገና በሩ ላይ ፊትሽን ይመታሻል። በግራና በቀኝ መስታወት የመሰሉ ማሞቂያዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዳንድ ነፍስ አለች። የኛዋ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለችው ናት። ዳይፐሯ ብብቷ ድረስ ይደርሳል። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቷል፣ እግሯ ላይ ቀይ መብራት ያለው ገመድ ተጠምጥሟል፣ ገመዱ ከላይ ካለው ስክሪን ጋር ተያይዟል። ስታዛጋ አባቷን ትመስላለች። ስትቆጣ ደግሞ አንቺን ቁርጥ! እንዳጋነንኩ አትቁጠሪው፤ አንድ ቀን ግንባሯን ስትቋጥር ሲስተሯ ራሷ ደንግጣ ምን አጠፋሁ አለቻት።

የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። በጀርባዋ ተኝታለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ብርድ ልብስ የለ፣ ትራስ የለ፣ የሰው እጅ አልነካትም። ደረቷ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ቆመ። ዝም ስትል ያረፈች መስሎኝ ደስ አለኝ፣ እስቲ አስቢው፣ ደስ አለኝ! ወዲያው ከንፈሯ ዙሪያ ሰማያዊ ሆነ፣ ማሽኑ መጮህ ጀመረ፣ እኔም ከማሽኑ ብሼ ጮህኩ። ሲስተሯ መጣች። ሮጣ መጣች እንዳልልሽ አልሮጠችም። እጇን በማሞቂያው ቀዳዳ አስገብታ ውስጥ እግሯን በጣቷ ኮረኮረቻት። ጠብታ ተንጠራራች፣ ተነፈሰች፣ መልኳ ተመለሰ። ሲስተሯ ማሽኑን ዝም አሰኝታ፣ ረስታው ነው አለችኝ። ምኑን ብላት፣ መተንፈሱን አለች።

እማዬ፣ መተንፈስ ይረሳል? ቁልፍ ይረሳል፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ይረሳል፣ መተንፈስ ግን ይረሳል እንዴ? ዶክተሯ ስትዞር ጠየቅኳት። ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት፣ ግን ሲጠይቋት ትቆማለች። ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ልጆች አንጎላቸው ውስጥ ተንፍስ እያለ የሚያዘው ክፍል ገና አልበሰለም አለችኝ። ሆዴ ውስጥ እያለች እኔ ስለምተነፍስላት ያ ክፍል ሥራ አልነበረውም፤ አሁን ድንገት ሥራ ሲሰጡት አንዳንዴ ያንቀላፋል። ሲያንቀላፋ ይቀሰቀሳል፣ እስኪጎለብት ድረስ። ከዚያ በኋላ አይረሳም አለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴም እንደ ጀማሪ ሹፌር እያሰብኩ ነው የምተነፍሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የሰው ስልክ ሲጮህም ብድግ እላለሁ።

ታዲያ ያን የሚያንቀላፋ ነገር በምን የሚቀሰቅሱት ይመስልሻል? በካፌይን። አዎ፣ ቡና ውስጥ ባለው። ዶክተሯ ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። በየጠዋቱ በክብደቷ ተለክቶ፣ ሲስተሯ በትንሽ ሲሪንጅ በቱቦው ትሰጣታለች። እስቲ ላሽትተው ብዬ ለምኜ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም፣ ቀለምም የለው፣ ውሃ በይው። አባቷ ሲሰማ ስኳሩ ስንት ይሁን ብሎ ሲስተሯን አሳቃት። ጎማ ሲጠግን ውሎ፣ እጁን እስኪላጥ ታጥቦ ነው የሚገባው፤ ይቀልዳል እንጂ በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ እንደሚከብደው አያለሁ።

እኔ ግን ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ። እርጉዝ ሳለሁ ቡና በአፌ እንዳይዞር ያላስጠነቀቀኝ ማን ነበር? አንቺ በስልክ፣ አማቴ በአካል፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሳይቀሩ ስኒዬን ከእጄ ሲቀሙኝ ከረሙ። ታዘዝኩ። ታዝዤም ልጄ ጊዜዋን ሳትጨርስ መጣች። ይኸው እኔን የከለከላችሁኝን እሷ ሐኪም አዞላት ትወስዳለች። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው ብዬ ዶክተሯን አፋጠጥኳት። ሁለቱም ነው አለች፤ ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ሌላ፣ ከሆድ ለወጣ ሌላ። ነገሩ እስካሁን አልተዋጠልኝም። ለማንኛውም መድኃኒቱ ሠራ። መርሳቷ እየቀነሰ መጣ፣ ጉንጭ አወጣች፣ ጡት መሳብ ጀመረች፣ ከማሞቂያው እያወጡም ደረቴ ላይ በቆዳዬ ያስተኙልኝ ጀመር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዶክተሯ ካፌይኑን እናቆማለን አለች። ሌሎቹ እናቶች አቀፉኝ፤ ካፌይን ቆመ ማለት የቤት መንገድ ተጀመረ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ተጠርጎ እስኪወጣ ቀናት ይፈጃል፣ ከዚያ ደግሞ ያለ እሱ፣ አንዴም ሳትረሳ መሰንበት አለባት። ከረሳች ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። የክፍሉ ሕግ ነው። እነሱ የቤት መንገድ ይሉታል፣ ለኔ ግን ምርኩዟን የቀሟት ነው የመሰለኝ።

አክስቴ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለ አንቺ ተነጫነጭኩባት። እናቴ ጨካኝ ናት አልኩ፣ ይቅር በይኝ። የልጅነቴን ሁሉ አፈሰስኩት፤ አንድ ቀን አጠገብሽ አስተኝተሽኝ እንደማታውቂ፣ በትኩሳት ስቃጠል እንኳ ከአልጋዬ ጎን ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ እንደምታነጊ፣ ነይ እማዬ ተኚ ብዬ ስለምንሽ ፊትሽን እንደምታዞሪ። አክስቴ ሰምታኝ ሰምታኝ ማልቀስ ጀመረች። ታውቂያታለሽ፣ ወሬ ሆዷ ውስጥ አያድርም፤ ይሄኛው ግን ከኔ ዕድሜ በላይ አድሮ ኖሯል። የነገረችኝን ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች፣ ቃሌንም እጠብቃለሁ። ላንቺም አልነግርሽም።

ያበድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጠብታ ደረቴ ላይ ተኝታ ትንፋሿን እያዳመጥኩ፣ መድኃኒቱ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ማን ይቀሰቅሳታል እያልኩ ስብሰለሰል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው የመንታዎቹ እናት የሚያቃጥል ነገር በልቼ ልጆቼን ሆዳቸውን ቆረጣቸው አለች። የወላድ ጡት ምስጢር አይደብቅም፣ የበላሽው የጠጣሽው ሁሉ ይገባበታል አለችኝ። እሷ ጨዋታ ማውራቷ ነው። እኔ ጆሮዬን አቆምኩ።

ከሆስፒታሉ በር ማዶ በቁም የሚጠጣበት ቡና ቤት አለ። ወፍራም አድርገህ ስጠኝ አልኩት ሻጩን። ደገምኩ። ከሰዓት ተመለስኩ፣ በማግስቱም፣ በማግስቱም። ሻጩ አንድ ቀን ስኒውን እያቀበለኝ፣ እህቴ የማታ ዘበኛ ነሽ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም። ከዚያ ተመልሼ አጠባታለሁ፣ የተረፈውን አልቤ ለሲስተሯ እሰጣለሁ፣ እሷም ምንም ሳትጠረጥር በቱቦው ታንቆረቁርላታለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ አመሰግናታለሁ።

ጠብታ አንዴም አልረሳችም። ማሽኑ ዝም አለ። እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል፣ አባቷ አልጋዋን ገጣጥሞ ፎቶውን ላከልኝ። እኔ ግን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የምትተነፍሰው እሷ ናት ወይስ ቡናዬ? ባቆም ምን ይመጣል? ባላቆምስ፣ እስከ መቼ ነው ልጄን በቡና እየቀሰቀስኩ የምኖረው? ትምህርት ቤት ስትገባም በክፍሏ በር ላይ ስኒ ይዤ ልቆም ነው? ለሰው አይነገር ነገር፣ አባቷን እንኳ ፈራሁት።

ቀጥሎ መተኛት ተወች። ዓይኗን አፍጥጣ ትውላለች፣ እጆቿ ይርገፈገፋሉ፣ ልቧ ስክሪኑ ላይ ይጋልባል። ዶክተሯ ግንባሯን ቋጠረች። ኢንፌክሽን ጠረጠሩ። ከተረከዟ ደም ወሰዱ፤ ያ አልበቃ ብሎ ከጀርባዋ ውሃ እንቀዳለን ብለው ዕቃውን አዘጋጁ፣ እኔን ደግሞ ውጪ ጠብቂ አሉኝ። ከዚያች ከሚጢጢዋ ጀርባ! ትሪው ላይ መርፌውን አየሁት። ከዶክተሯ ጋር የሚዞሩት ተማሪ ሐኪሞች ተደርድረው ባሉበት፣ እኔ ነኝ፣ ቡናው ነው ብዬ ጮህኩ። ለማንም አልገባውም። እንደገና አስረዳኋቸው። አንዱ ተማሪ ሳቁን በእጁ አፈነ። የመንታዎቹ እናት መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ሲስተሯ ትሪውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

ስድብ ስጠብቅ ዶክተሯ ወደ እናቶች ማረፊያ ወሰደችኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የምታጠባ እናት ቡና ብትቀምስ ክፉ አይደለም አለችኝ፣ በልኩ ሲሆን። እንዳንቺ በባልዲ ሲሆን ግን የልጅቷ ጉበት ገና ልጅ ነው፣ አጣርቶ አያወጣውም፣ ይጠራቀማል አለች። ያለፈውም ቆጠራ ከንቱ ነው፣ ካንቺ ቡና ስትወጣ እንደገና እንጀምራለን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን ያህል ምን አስፈራሽ፣ ማሽኑ አለ፣ እኛ አለን አለችኝ።

ምን ልበላት? ቃል ገብቻለሁ። አንዲት የማውቃት ሴት ነበረች አልኳት። ድሮ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች፣ የመጀመሪያ ልጇን ጊዜው ሳይደርስ ወለደች። ወንድ ነው። በነበረችበት ቦታ ማሞቂያ የለ፣ ሐኪም የለ። ልጁን ሸሚዟ ውስጥ ከተተችው። ደረቷ ላይ ይዛው ዋለች፣ ይዛው አደረች። ጡቷን በጣቷ እያለበች ታጠባው ጀመር። ሰው ሁሉ ዛሬ ያልቃል ነገ ያልቃል ሲል ልጁ አላልቅ አለ፤ ሳምንታት አለፉ፣ እንዲያውም ፊቱ ሞላ። አንድ ማለዳ እንቅልፍ ጥሏት ስትነቃ ልጁ አልነቃም። ያው ደረቷ ላይ ነበር፣ ቀዝቅዞ። ከጎረቤት አንዷ ተኝታበት ነው አለች። አንዷ ያለችውን ሁሉም አለው፣ በመጨረሻ ሴትየዋ ራሷ አመነችው። ከዚያ በኋላ የወለደችውን አጠገቧ አስተኝታ አታውቅም። ይህን በቅርቡ ሰማሁ፣ ለዚህ ነው የፈራሁት አልኳት።

ያላየሁትን ልጅ ምን እንደገደለው ልማልልሽ አልችልም አለች ዶክተሯ። ሐቀኛ ናት፣ የማምናትም ለዚህ ነው። ግን እንዲህ ቀድመው የሚወለዱ ልጆች መተንፈስ እንደሚረሱ አንቺው በዓይንሽ አይተሻል አለችኝ። ጠብታ ሰማያዊ ስትሆን ማን ተኝቶባት ነበር? ማንም አልኳት። ማን ነካት? ማንም። ያ ልጅ የሚያነቃው መድኃኒት፣ የሚጮህለት ማሽን አልነበረውም፣ የነበረችው እናቱ ብቻ ናት አለች። እንደኔ እንደኔ ሴትየዋ ልጁን የገደለች ሳትሆን እስከዚያች ማለዳ ድረስ ያቆየች ናት። ደረት ላይ በቆዳ ማስተኛትን ዛሬ እኛ እዚህ ለእናቶች እናስተምራለን፤ እሷን ማን አስተማራት? ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

እማዬ፣ ይህን ለዚያች ሴት እንዴት አድርጌ እንደምነግራት ግራ ገብቶኛል። ብነግራት ቃሌን አፈረስኩ። ባልነግራት ደግሞ ያ ከዚህ የባሰ ነው። አንቺ ብትሆኚ ማወቅ ትፈልጊ ነበር? ሰው ዕድሜ ልኩን ራሱን ሲከስበት የኖረውን ነገር ሌላው መጥቶ እንዲህ ላይሆን ይችላል ሲለው ይቆጣል ወይስ ያርፋል? እኔ ብሆን መጀመሪያ እቆጣ ነበር መሰለኝ። አንቺን ጨካኝ ማለቴ ግን አንጀቴን እያቃጠለኝ ነው።

ቡናውን ካቆምኩ ወዲህ ራሴን ሊፈልጠኝ ደርሷል። ጠብታም ከቡናዋ ወጥታ መተኛት ጀምራለች። ትናንት ቀትር ላይ ደረቴ ላይ ሆና ረሳች። ማሽኑ ሳይጮህ ነው ያወቅኩት። ጀርባዋን አሸት አሸት አደረግኳት፣ እናቴ ተነሺ አልኳት፣ ተነሳች። ሲስተሯ ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ መልሳ ቁጭ አለች። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ጀመረ። አለቀስኩ፤ የምን ልቅሶ እንደሆነ ግን አልለየሁትም፣ ምክንያቱም አሁን የምትረሳውም የምትተነፍሰውም እሷው ራሷ ናት። ታድጋለች፣ መርሳቱ ሁሉንም እንደሚተዋቸው ይተዋታል ትላለች ዶክተሯ። ግማሹን አምኛታለሁ።

እማዬ፣ ደክሞኛል። አባቷ ገና ሲያቅፋት፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዤ አላውቅም ብሎ መልሶ ይሰጠኛል። ክፍሉ ከእናት ሌላ አንድ ሰው ደረቱ ላይ እንዲይዛት ይፈቅዳል፤ ቀን ቀን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሲስተሮቹ እያዩ፣ እናቲቱ ጥቂት ጋደም እንድትል። ሲስተሯ ማንን ልመዝግብልሽ አለችኝ። እናቴን አልኳት። ጥንቁቅ ናት፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አታስገባም። እናትሽ እንዲህ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ይዘው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ክፍል ካለው ሰው ሁሉ በላይ ታውቃለች አልኳት። መዘገበችሽ።

ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ልብስ ልበሺ፣ ሽቶ አትቀቢ። አባዬን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ እንቅልፍም ይስጥሽ እማዬ፣ እንቅልፍ አብዝቶ ይስጥሽ።

በር በር እያየች የምትጠብቅሽ፣

ሁለተኛ ልጅሽ